«አየሁ» ያሉት ሁሉ አላዩም

ነገሩ የሆነው ዩኒቨርሲቲው ሕዝብ ጋብዞ ሰማይ በሚያሳይበት ምሽት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቴሌስኮፑ ባለ ቀለበቷ ፕላኔት ሳተርን ላይ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ከአስተባባሪው የመጣው ትእዛዝ «ለአንድ ሰው 30 ሴኮንድ፤ ሰልፉ እንዳይቆም» የሚል ነበር፤ ለሪፖርት የሚፈለገው የጎብኚ ቁጥር ነውና። ሰው ይመጣል፣ ያጎነብሳል፣ «በጣም ያምራል!» ይላል፣ ያልፋል።

መነጽር ያደረጉ አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ አጎነበሱና ዝም አሉ።

«እማማ፣ ምን ይታይዎታል?» አለ ቴሌስኮፑ ጋ የቆመው ተማሪ።

«ጥቁር ነው ልጄ። የኔው ዐይን ይሆናል እንጂ፣ እነዚህ ሁሉ አይተው የለ?»

ተማሪው ዝቅ ብሎ ቢያይ እውነትም ጥቁር ነው።

ቴሌስኮፑ ሰማዩን እንዲከተል የሚያዞረው ሞተር ባለ 12 ቮልት ገመዱ በሰልፈኛ እግር ተመትቶ ወልቋል። ሞተር ከቆመ ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳል። የትኩረት ርዝመቱ (ብርሃኑን አንድ ቦታ ለመሰብሰብ የሚፈጅበት ርቀት) 2000 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 10 ሚሊሜትር የዐይን ሌንስ ሲገባ 200 ጊዜ ያጎላል፤ የሚታየው የሰማይ ስፋት ግን ሩብ ዲግሪ ገደማ ነው። መሐል ላይ የነበረች ሳተርን በ30 ሴኮንድ ያህል ጠርዙን አልፋ ትወጣለች። ገመዱ ከወለቀ በኋላ ያየ ካለ አንድ ሰው ነው ማለት ነው። የቀሩት ይሉኝታ ይዟቸዋል፤ ሰልፍ ከኋላ እየገፋ «አልታየኝም» ማለት ከባድ ነው። ጥፋቱም የእነሱ አይደለም፣ የጥድፊያው ነው።

ገመዱ ተሰካ። መብራት ሲቋረጥ ሞተሩ የሰማዩን አቅጣጫ ስለሚረሳ በሁለት ደማቅ ኮከቦች እንደገና ተስተካከለ። ሌንሱም በባለ 25 ሚሊሜትር ተቀየረ፤ ማጉያው ወደ 80 ቢወርድም ቀለበቱ ጥሩ ሆኖ ይታያል፣ ፕላኔቷም ቶሎ አታመልጥም። ለመነጽርም ይሻላል። ቀላሉ ዓይነት ባለ 10 ሚሊሜትር ሌንስ ዐይንን 7 ሚሊሜትር ያህል ድረስ ማስጠጋት ይፈልጋል፣ መነጽር ደግሞ አያስጠጋም። ቅርብ ወይም ሩቅ ብቻ የማይታየው ሰው መነጽሩን አውልቆ ትኩረቱን ቢያስተካክል ይበቃዋል። አስቲግማቲዝም (የዐይን ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ) ያለበት ግን አያውልቅ፤ ያንን የትኩረት ማዞሪያው አያርመውም።

እማማ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ደግመው አዩ። «ውይ! ጆሮ አላት እንዴ?»

ጋሊሊዮም በ1610 በትንሽ ቴሌስኮፑ ሲያያት ሦስት አካል ጎን ለጎን የተደረደረ መስሎት ነበር። ቀለበት መሆኑን የኔዘርላንዱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሁይገንስ በ1659 እስኪያሳትም ድረስ ነገሩ ሳይፈታ ቆይቷል።

አሁን ገመዱ ከቴሌስኮፑ እግር ጋር በፕላስተር ይታሰራል፣ ባትሪው ከሥር ይገባል፣ በየአምስት ሰው ባለሙያው ራሱ ያያል። «አየህ?» ተብሎም አይጠየቅም፤ «ቀለበቱ ወዴት አጋደለ? ከጎኗ ያለችው ነጥብ፣ ትልቋ ጨረቃዋ ቲታን፣ በየት በኩል ናት?» ነው የሚባለው። ቀለበቱ በጠርዙ ዞሮ ቀጥ ያለ መስመር በሚመስልባቸው ዓመታት ሁለተኛው ጥያቄ ይበቃል። 30 ሴኮንዱም ቀርቷል፤ አዲስ ሰው ዐይኑን ሌንሱ ላይ እስኪያደላድል ግማሹ ያልቃል፣ አየሩ ረግቶ ምስሉ የሚጠራውም አልፎ አልፎ ነው። ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ይቀንስ።