የሲሚንቶ ብረትና አንድ ደብተር

ከባሕር ዳር በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ወደ ደብረ ማርቆስ በተመለስኩበት ሰሞን፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ ማስረዳት የመመረቂያ ጽሑፌን ከመከላከል ይከብደኝ ነበር። «ኳስ ልታሰለጥን ነው?» ስትለኝ፣ «ኳሱን የሚያሰለጥን ሌላ ሰው አለ፤ እኔ የተጫዋቾቹን ጉልበትና ፍጥነት ነው የማዘጋጀው» እላታለሁ። ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ታዲያ ሰው ለማዝለል ደመወዝ ይከፈላል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። እውነት ለመናገር ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት አልተከፈለም።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቡድን «እስቲ ሞክር» ብሎ ከልምምዱ በፊት 30 ደቂቃ ሰጠኝ። የነበረን ዕቃ አሮጌ የመኪና ጎማ፣ ገመድ፣ አሸዋ የተሞሉ የማዳበሪያ ከረጢቶችና ከውኃ ቧንቧ የተሠራ አንድ ብረት ነበር፤ ብረቱ በሁለቱም ጫፍ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ የደረቀበት፣ በየሰፈሩ የምናውቀው ዓይነት ነው። ተጫዋቾቹ ሲያነሱት ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። የወገብ ድክመት መስሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ወገባቸውን ሳስተካክል ከረምኩና፣ በመጨረሻ ተሸክሜው ወደ አንድ እህል ነጋዴ ሚዛን ሄድኩ። አንዱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ ሌላውን በርጩማ ላይ፣ ከዚያም አገላብጬ ስመዝነው፣ ቀኙ ከግራው ሁለት ኪሎ ይበልጥ ነበር። ነጋዴው «ጤፉስ የታለ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያልመዘንኩትን ነገር ለማንም አላሸከምኩም።

ብረቱን ለማስለመድም ጊዜ ወስዷል። «ብረት ሰውነት ያደርቃል፣ ሯጭን ያዘገያል» የሚለው እምነት በእኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቦይድ ኤፕሊን ለዚህ ሥራ በቀጠረበት በ1969 እ.ኤ.አ. እዚያም ብዙ አሰልጣኞች ያንኑ ይሉ እንደነበር ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት ግን በብረት አልነበረም። በአካባቢያችን የአካል ብቃት አሰልጣኝ የሚመዘነው ተጫዋቹን ምን ያህል እንዳደከመ ታይቶ ነው፤ «ኮች ዛሬ ገደለን» ማለት ምስጋና ነው። እኔም ምስጋናው ጣፈጠኝና፣ ቅዳሜ ጨዋታ እያለብን ሐሙስ ዕለት ዳገት ላይ ደጋግሜ አስሮጥኳቸው፤ ያንን ያደረግሁት ዋናው አሰልጣኝ በማግስቱ ምን እንዳሰበ እንኳ ሳልጠይቅ ነው። ቅዳሜ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው የመስመር ተጫዋቻችን የኋላ ጭኑን ይዞ ተቀመጠ። ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው ማለት አልችልም፣ አይደለም ለማለትም የጻፍኩት ምንም ነገር አልነበረኝም፤ ያሳፈረኝም እርሱ ነው።

ደብተሩን የገዛሁት በማግስቱ ነው። ከልምምድ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች ድካሙን ከ1 እስከ 10 ይነግረኛል፣ ያንን በልምምዱ ደቂቃ አባዛዋለሁ፤ 60 ደቂቃ ሠርቶ «7» ያለኝ ልጅ የዕለቱ ጫናው 420 ነው። ዘዴው በዓለም ላይ የታወቀ ሲሆን ከእርሳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «10» ይሉኝ ነበር፣ ደካማ ላለመባል «3» የሚሉም ነበሩ፤ ለየብቻ ጆሮዬ ላይ እንዲነግሩኝ ካደረግሁ በኋላ ቁጥሩ ወደ እውነቱ ቀረበ። ለኋላ ጭን ደግሞ ኖርዲክ የሚባለውን እንቅስቃሴ ጨመርኩ፦ ተጫዋቹ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፣ እርሱም ከጉልበቱ እስከ ትከሻው ቀጥ እንዳለ፣ መውደቁን በጭኑ እየተቃወመ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወርዳል። ቀላል ይመስላል፤ መጀመሪያ ቀን ግን ሁሉም እንደ ግንድ ወደቁ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ብቻ አድርገን ጀመርን።

መጻሕፍቱ ያላስተማሩኝ ነገር ቢኖር ጾሙን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከልጆቼ አብዛኞቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ውኃም የማይጠጡ አሉ። «አትጹሙ» ማለት የእኔ ሥራ አይደለም፣ ብልም የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ ከባዱን ልምምድ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገፋሁት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሶ በጥብጠው ጠጥተው፣ ማታ ደግሞ እንጀራውን በሽሮ ብቻ ሳይሆን በምስርና በባቄላም እንዲበሉ እመክራለሁ። ጡንቻ ለመገንባት በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር ደግሞ 25 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ይህን በአንድ ማዕድ ሊሞላ እንደማይችል ማስላት አያስቸግርም። በመሆኑም በጾም ወራት ጉልበት ለመጨመር አልሞክርም፣ ያለው እንዳይወርድ እጠብቃለሁ።

ስቅለትንም በደብተሬ እንደ ከባድ ልምምድ እመዘግበዋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰግድ የዋለ ሰው ጭኑ ለሁለትና ለሦስት ቀን እንደሚታመም ከራሴ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ በፋሲካ ማግስት ቁጭ ብድግ አዝዣቸው፣ ከልጆቹ አንዱ በትሕትና «ኮች፣ ዓርብ ሠርተነዋል» አለኝ።

ይህን ሥራ ልጀምር የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ምስክር ወረቀት ነው። ለአካል ብቃት አሰልጣኞች የሚሰጠው የታወቀው ዓለም አቀፍ ፈተና የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፣ ክፍያውም በዶላር ነው፤ ቢገኝ መልካም፣ እኔ ግን እስካሁን አልተፈተንኩም። ይልቅ እዚሁ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄዶ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ደብተር ቢይዝለት እመርጣለሁ።

የመስመር ተጫዋቹ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ አሁንም ይጫወታል፤ ኖርዲኩን ሳይወድቅ ሰባት ጊዜ ይወርዳል። ቡድኑ ሁለት እውነተኛ ባለ 20 ኪሎ ብረት እንዲገዛልን ማመልከቻ ከጻፍኩ አምስተኛ ወሩ ነው። መልሱ እስኪመጣ ሌላ ጣሳ እየሞላን ነው፤ ሲሚንቶው ከመድረቁ በፊት ግን በዚያው ነጋዴ ሚዛን ላይ ያልፋል።