እሳቱን ያበረደው ልጄን አሞቀልኝ

የልዑል እግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። የልጄ የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው የልቧ በር፣ የተጎዳው በሕፃንነቷ እየተመላለሰ በያዛት የጉሮሮ ሕመም ነው። እናቶች፣ እባካችሁ «ቶንሲል ነው» ብላችሁ አትለፉት። በጊዜው ካልታከመ ልብ ድረስ ይዘልቃል።

ቫልቩን በሰው ሠራሽ የሚተካ ኦፕራሲዮን ተደረገላት። «በሰላም አለቀ» ሲሉን እልል አልን። ብዙም ሳይቆይ ግን ሲስተሯ ወጥታ ሰውነቷ መቀዝቀዙን፣ ደሟም አልቆም ማለቱን ነገረችን።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ቫልቩ እስኪቀየር ልብ ይቆማል። ደሙን ማሽን ተቀብሎ ኦክስጅን እየሰጠ ይመልሰዋል። ያኔ ሰውነትን ሆን ብለው ያቀዘቅዙታል፤ የቀዘቀዘ አካል ጥቂት ኦክስጅን ይበቃዋል። ሲጨርሱ በዚያው ማሽን ያሞቁታል። ከማሽኑ ሲወጣ ግን የመሃሉ ሙቀት ወደ ቀዘቀዙት እጅና እግር ይሄድና እንደገና ይወርዳል። የልጄ ሙቀት 34 ነጥብ 6 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ሰው ሲቀዘቅዝ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ገና የተሰፋው ልብ ይጨነቃል።

«ታዲያ ቶሎ አታሞቋትም?» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞዎት እናቴ፤ ቀስ ብለን ነው። በአንዴ ካሞቅናት ደም ሥሮቿ ይከፈቱና ግፊቷ ይወርዳል» አለችኝ ሲስተሯ።

ሞቃት አየር የሚነፋበት ብርድ ልብስ አለበሷት። የሚሰጣትን ደምና ግሉኮስ እያሞቁ ሰጧት። እኔ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ እደጋግማለሁ። «ለሠለስቱ ደቂቅ የናቡከደነፆርን እሳት ያበረድክ ቅዱስ ገብርኤል፣ ለልጄ ሙቀት አምጣላት!» ሌላ ጸሎት ከአፌ አልወጣም።

እኩለ ሌሊት ላይ 35 አለፈ። ሊነጋጋ ሲል 36 ሆነ። ከደረቷ በቱቦ የሚወርደው ደም እየቀነሰ መጣ። አስገብተውኝ እግሯን ዳሰስኩት፤ ሞቋል። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

«ያዳናት ሕክምናው ነው ወይስ ጸሎቱ?» የሚሉኝ አሉ። እኔ አልለያቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ካጠገቧ ያልተለየችውን ሲስተር የላከልኝ ቅዱስ ገብርኤል ነው። እሷንም ማኅፀኗን ይባርክልኝ።

ልጄ ዛሬ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን፣ እየወሰደች፣ ደሟን እየተመረመረች ትማራለች። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ አብረን ወጥተን ስለቴን አስገባሁ። በሰው ፊት እመሰክራለሁም ብዬ ነበርና ይኸው መሰከርኩ።