ከበሩ ውጪ

ነገ ልጄ 45 ቀን ይሞላታል። የክትባት ቀኗ ነው። ካርዷን ቦርሳ ውስጥ ከትቻለሁ። እናትና ልጅ ተኝተዋል። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይቺን ልጻፍ።

ባለቤቴ እርጉዝ እያለች የሰፈሩ እናቶች ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይሏት ነበር። ስትገላገል ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» መጣ። ስሰማው ሆዴ ይባባል። ለእኔ «እንኳን ደስ ያለህ» ነው። ቀጥሎ «ወንድ ነው ሴት?»፣ ቀጥሎ «መቼ ነው የምትጋብዘን?» ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ፈርተህ ነበር ወይ ያለኝ ሰው የለም።

ክትትል ስትሄድ የቻልኩትን ያህል አብሬያት ሄጃለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ግን «ወንድም፣ አንተ ውጪ ጠብቅ» እባላለሁ። እሷ የአይረን ክኒኗን ይዛ ትወጣለች። የተባለችውን ታክሲ ውስጥ ትነግረኛለች፣ ግማሹ እየተረሳ። ደም ቢፈሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ቢይዛት፣ ዓይኗ ብዥ ቢልባት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሮጥ እንዳለብን ያወቅኩት በስምንተኛው ወር፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ሌሊት መኪና ፈልጌ የማደርሳት እኔው አይደለሁ? ይህን እንዴት እኔ ሳልሰማ እቀራለሁ?

የምጧ ሌሊት አራት ወንዶች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አደርን። አንዱ ፔርሙዝ ታቅፏል፣ ሌላው ልብስ የታጨቀበት ፌስታል ይዟል። ስለ አርሰናል አወራን። ከውስጥ ጩኸት ሲሰማ ሁላችንም ጸጥ እንላለን፤ የማናችን ሚስት እንደሆነች በድምጿ ለመለየት። ከዚያ እንደገና ኳስ። በዕድሜ ጠና ያለው ወደ ንጋቱ ላይ «የመጀመሪያህ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «አይዞህ፣ ያልፋል» አለኝና ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል። ለአባት ተከታታይ 3 ቀን። የመጀመሪያው ቀን ጤና ጣቢያ አለቀ። ሁለተኛው እንግዳ በመቀበልና ዕቃ በመግዛት። በሦስተኛው ቀን ልጄን እንዴት ደግፌ እንደማቅፍ ገና እየለመድኩ ነበር። በአራተኛው ቢሮ ገባሁ።

ማታ ስመለስ አማቴ ለሕፃኗ ቅቤ ሊያቀምሷት ነው። «አንጀቷን ያለሰልስላታል» አሉኝ። በፍቅር ነው፤ የራሳቸውንም ልጆች ያሳደጉት እንዲሁ ነው። እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንደማይሰጥ ባለቤቴ ተነግሯታል። እሷ ግን ደክማለች፣ እናቷንም መቃወም ከብዷታል። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ምን ልበል? ሲነገር አልነበርኩም። «እማማ፣ ነገ ነርሷን እንጠይቅ» ብዬ አሳለፍኩት። ያን ምሽት ከበሩ ውጪ መቆየቴ ምን ያህል እንደጎዳን ገባኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ያለ ምክንያት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ ልጄ ትተነፍሳለች ወይ ብዬ በሌሊት በስልክ መብራት ደረቷን አያለሁ። አራቴ፣ አምስቴ። እንዲህ የማደርገው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቀን ለወንድሜ ነገርኩት። ሦስት ልጆች አሉት። ትንሽ ዝም ብሎ «እኔም አደርግ ነበር» አለኝ። ለምን አልነገርከኝም ስለው «አልጠየቅከኝማ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠየቅኩትም። እሱም ሲወልድ ሄጄ አራስ ጠየቅኩ፣ ገንፎ በላሁ፣ ወጣሁ። እሱን እንዴት ነህ አላልኩትም።

ለነገ አለቃዬን ግማሽ ቀን አስፈቅጃለሁ። በብጣሽ ወረቀት ሦስት ጥያቄዎች ጽፌያለሁ። ከክትባቱ በኋላ ብታተኩስ ምን ላድርግ? እትብቷ የወደቀበት ቦታ ትንሽ እርጥበት አለው፣ ደህና ነው? ሦስተኛው ስለ ባለቤቴ ለቅሶ ነው። ነርሷን ፈቃድ ጠይቄ አብሬ እገባለሁ።

ውጪ ጃንጥላ ይዞ የቆመ ሌላ አባት ካገኘሁ ደግሞ ቀድሜ የማናግረው እኔ ነኝ።