መርዶ ለስደተኛ ሲነገር

በመንዝም ሆነ በቡልጋ፣ በጅሩም ሆነ በይፋት መርዶ ሥርዓት አለው። ወገኑ ርቆ የሚኖር ከሆነ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ገና ጎህ ሲቀድ ደጃፉ ይደርሳሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዙታል። ልጅ ሪያድ፣ ቤሩት ወይም ዋሽንግተን ስትሆን ግን ይህ ሁሉ በአንድ ስልክ ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም ይበላሻል። የሚበላሸው ሰዉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደሚናገር አስቀድሞ ስላልተወሰነ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ ወሬው የሚያመልጠው በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። ድንኳኑ ሳይተከል አንድ ወጣት የሟቿን ፎቶ ከሻማ ጋር አድርጎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይለጥፋል። ልጅቱ ልብስ እየተኮሰች ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፊት ታያለች። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ ከቀብሩ በፊት፣ «ዓረብ አገር ያለችው ልጅ አልተረዳችም፤ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ» ተብሎ ይነገር። የእድሩ ዳኛ በሕዝቡ ፊት ቢናገረው ይበልጥ ይሰማል። ቤተሰቡም ከውጭ የሚመጣ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይሰይም። ሁሉም ካነሳ አንዱ «ታማለች»፣ አንዱ «ደህና ናት» ይላል፤ ሦስተኛው ያለቅሳል።

«ታማለች» ስለምትለዋ ቃል መናገር ግድ ነው። አገር ቤት ለመርዶ ማለስለሻ ሆና ኖራለች፤ ለስደተኛ ግን አደገኛ ናት። ልጅቱ እናቴ ታመመች ሲሏት የመጀመሪያ ሥራዋ ገንዘብ መላክ ነው። ደመወዟን ታስቀድማለች፣ ከጓደኛ ትበደራለች፣ ለሆስፒታል ብላ ትልካለች። በኋላ ገንዘቡ የደረሰው ከቀብር በኋላ መሆኑን ስታውቅ ከሐዘኑ ላይ መታለል ይጨመርባታል፤ ከወንድሞቿም ጋር የምትቆራረጠው በዚህ ነው። ማለስለሻው የግድ ከሆነ አጠገቧ ሰው እስኪደርስ ድረስ፣ ቢበዛ አንድ ቀን፣ ይሁን። በሕክምና ስም የተላከ ብር ግን አንድም ቢሆን አይወሰድም። ኮንትራቷ እስኪያልቅ ተብሎ ዓመት የሚደበቅማ ከዚህ የባሰ ነው። ሣልስቱም አርባውም ተዝካሩም ያለ እሷ ያልፋሉ፤ እሷ ግን በየደወለችበት «እማዬን አቅርቡልኝ» ስትል ትኖራለች።

በእርግጥ እናትየዋ ገና በሕይወት ሳለች ሕመሙ ጠንቶ ከሆነ እውነቱ ቶሎ ይነገር። የመኖሪያ ወረቀት ያለው ሰው ከአሜሪካ ተነስቶ ሊደርስ ይችላል። ሙስሊሙ ዘንድ ቀብር በዕለቱ ነው፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ከማግስቱ እምብዛም አያልፍም። ሞቱን ሰምቶ መንገድ የሚጀምር ሰው ለቀብር አይደርስም።

ነጋሪው ማን ይሁን? የሚሻለው እዚያው የሚኖር የአገር ልጅ፣ የንስሐ አባቷ ወይም የማኅበር ጓደኛዋ ነው። ሦስት አራት ሆነው ቤቷ ይሄዳሉ፤ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። ቤት ሠራተኛ ከሆነችና ሰው መግባት ካልተፈቀደ በስልክ ይሆናል። ያኔም ቢሆን ቀድሞ በአቅራቢያ ለምትሠራ ጓደኛዋ ይነገርና እንደተረዳች ወዲያው እንድትደውልላት ይደረግ። መርዶ በጽሑፍ ወይም በተቀዳ ድምፅ አይላክም። መቼ እንደምትከፍተው ላኪው አያውቅምና።

የማለዳው ልማድ እዚያ አይሠራም። ማለዳ እሷ ወደ ሥራ የምትወጣበት፣ መኪና የምትነዳበት ሰዓት ነው። የዕረፍት ቀኗ ዋዜማ፣ ማታ ሥራ ጨርሳ ስትቀመጥ ይሻላል። ሰዓቱም ይቆጠር፦ ሪያድና ደብረ ብርሃን አንድ ናቸው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ ደብረ ብርሃን ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወራቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው።

ስልኩ ሲነሳ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ የት ነሽ? ማን አለ? እሳት ላይ ከሆነች ወይም ሕፃን ይዛ ከሆነ «አስቀምጪና ደውዪልኝ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማንዛዛት የለም። «አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ሁሉም የእግዜር ነው» እያሉ አምስት ደቂቃ መዞር ልጅቱን አምስት ጊዜ መግደል ነው፤ በልቧ ዘመዶቿን አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው። ሲነገር እንዲህ ነው፦ «እህት ዓለም፣ ክፉ ወሬ ነው የያዝኩት። እማዬ ማክሰኞ ሌሊት አርፋለች። ረቡዕ ቀብረናታል። አባባና እኔ አጠገቧ ነበርን።» ማን ሞተ፣ መቼ፣ አጠገቧ ማን ነበር፤ ይህ ይበቃል። «ተለየችን»፣ «ደክማለች» ዓይነት ቃል ግን በደካማ ኔትወርክ ላይ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ከተናገሩ በኋላ ዝም ይባላል። «አታልቅሺ» አይባልም። መስመሩ ከተቋረጠ ወዲያው ይደወል፤ የሞባይል ካርዱ አስቀድሞ ይሞላ።

ጥያቄዋ የታወቀ ነው፦ ምን አመማት? ማን አሳከማት? ስሜን ጠራች? ለእነዚህ እውነተኛ መልስ ይዘጋጅ። እናቷ ስድስት ወር ተኝታ ኖራ ሳለ ልጅቱን «ድንገት ነው» ካሏት ሌላው ጎረቤት በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱን ይነግራታል።

እርሟን የምታወጣበት ጊዜም ያስፈልጋታል፤ አሠሪዋ ግን ነገሩን ካልነገሩት አያውቅም። አረብኛዋ ትንሽ ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ማዳም፣ ኡሚ ማተት፤ አብጋ አከሊም አህሊ»፤ እናቴ ሞተች፣ ከቤተሰቤ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ ማለት ነው። ጥያቄው የተቆረጠ ይሁን፦ «ዛሬ ማታና ነገ» የተባለ ይፈቀዳል፣ «ትንሽ ዕረፍት» የተባለ ይረሳል። በኩባንያ የሚሠራ ሰው መብቱን ይጠይቅ፤ በዱባይ የግል ድርጅት ሠራተኛ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሲሞትበት 3 ቀን፣ የትዳር ጓደኛ ሲሞት 5 ቀን ከነደመወዙ ይሰጠዋል። ቤት ሠራተኞች በዚህ ሕግ አይታቀፉም። በካሊፎርኒያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ እስከ 5 ቀን እንዲፈቅድ ተደንግጓል፤ ክፍያው ግን እንደ ድርጅቱ ነው።

የተዝካር ገንዘብ በመርዶው ስልክ ላይ አይነሳም። ቢያንስ ሰባቱ ይለፍ። ሲነሳም «አቅምሽን ያህል» ተብሎ አይተው፤ አቅሟን ስለማታውቀው ሳይሆን ከአቅሟ በላይ ስለምትልክ። የጤፉ፣ የበጉ፣ የካህናቱ ወጪ ተደምሮ፣ አገር ቤት ያለው ወንድምና እህት ስንት እንደያዘ ተነግሯት፣ የእሷ ድርሻ በቁጥር ይጠራ። በተከታዩ ወር ላይ መላክ የምትችል ከሆነም ለአርባው መሆኑ ቀርቶ ለሰማንያው ወይም ለሙት ዓመቱ እንዲሆን ቤተሰቡ ራሱ ቢነግራት መበደር አይመጣባትም።