ሠላሳ አራት ጣሳ

2024 ነው፤ የካቲት አካባቢ። አምስተርዳም ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት እሠራለሁ። የዚያን ቅዳሜ ተራዬ የባዶ ጠርሙስና ጣሳ መመለሻው ማሽን ጋ ነበር።

ኔዘርላንድ ውስጥ ለስላሳ ወይም ቢራ በጣሳ ስትገዙ 15 ሳንቲም ማስያዣ ትከፍላላችሁ። ስታቲኸልት ይሉታል። የትልቁ ፕላስቲክ 25 ሳንቲም ነው። የትንንሾቹ ፕላስቲኮች በጁላይ 2021 ተጀመረ፤ የጣሳው በኤፕሪል 2023። ባዶውን ማሽኑ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ ካሸር ጋ ሄዳችሁ ትቀበላላችሁ።

ጣሳ ዋጋ ካገኘ ወዲህ ከቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የሚለቅሙ ሰዎች በዙ። ከተማው ሰው ባዶውን የሚያስቀምጥበት ቀለበት ገንዳዎቹ ላይ እስከ መግጠም ደርሷል። ለቃሚው እጁን ወደ ውስጥ እንዳይሰድ ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ።

ያን ቀን አንድ ሰውዬ ትልቅ ከረጢት ይዘው መጡ። ስድሳ ሳይሞላቸው አይቀርም። ማሽኑ የሚያነበው ባርኮዱን ስለሆነ የተጨፈለቀ ጣሳ ይመልሳል። የተመለሱትን ለብቻ አድርገው፣ ከረጢቱን እዚያው ትተው፣ ደረሰኛቸውን ይዘው ወደ ካሸር ሄዱ። ወለሉ ላይ ቢራ ፈሷል። ሰልፉ ረዝሟል። እኔ ከረጢቱን አንስቼ ጓሮ ካለው የቆሻሻ መጭመቂያ ውስጥ ከተትኩት። ትተውት ሄደው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ተመልሰው መጡ። «ጣሳዎቼስ?» አሉኝ። ሠላሳ አራት ነበሩ፤ ቆጥረዋቸዋል። ውጭ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ሊያቃኗቸው ነበር። 5 ዩሮ ከ10 ሳንቲም።

ከኪሴ 5 ዩሮ አውጥቼ ዘረጋሁ። እጃቸውን አልዘረጉም። «አልለመንኩም። ሥራዬ ነው» ብለው ወጡ።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሒሳቡን ሠራሁት። በጊዜው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 13.27 ዩሮ ነበር። እኔ አንድ ሰዓት ቆሜ የማገኘውን እሳቸው ለማግኘት 89 ጣሳ መልቀም አለባቸው። ደግሞ ያልተጨፈለቀ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ ባዶ ሃይላንድ ሰብስቤ የምሮጠው እኔ ነኝ። ያቺን ሳንቲም አውቃታለሁ። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ሰኞ ለአለቃዬ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ «ሳትጠይቅ አትጣል» አለኝ፣ እንደ ሆላንዶች ቀጥታ። ማሽኑ የመለሰውን የምናስቀምጥበት ሣጥን ጎኑ እንድናደርግ ጠየቅኩት፤ ተስማማ።

ሰውዬው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀስ ብለው አወሩኝ። ከፖላንድ ነው የመጡት፤ መጋዘን ይሠሩ ነበር። ሥራውን የሰጣቸው ኤጀንሲ ቤቱንም የሚያከራየው እሱ ነበር። ሥራው ሲቆም ቤቱም ሄደ። ብዙ ስደተኛ ሠራተኛ እዚህ አገር የሚወድቀው በዚህ መንገድ ነው፤ እኔ ግን ከደረሰበት ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጣሳውን አብረን አቃናን። እኔ ባርኮዱን እየጠረግኩ፣ እሳቸው እያስገቡ። ከተመለሱት ውስጥ አሥራ አንዱ አለፉ።