የእንሰት ቃጫና ፕላስቲክ እንዴት ተያያዙልኝ

እንሰት ተፍቆ ቆጮው ሲወጣ የሚቀረው ክር ቃጫ ይባላል። ጉራጌ አገር ገመድ ይገመድበታል፣ ጆንያም ይሠራበታል። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ ይሄንኑ ቃጫ በአጭር በአጭሩ ቆርጬ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ላዋህደው ተነሳሁ። ፖሊፕሮፒሊን ወንበርና ባልዲ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ሐሳቤ ቃጫው ሸክሙን እንዲሸከምለት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልሆነም። ቃጫውን አጥቤ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በእጄ ስዳስሰው ደርቋል። ከቅርጽ ማውጫው የወጣው ፕላስቲክ ግን ውስጡ አረፋ ብቻ ነበር። ትንሽ ሳጎብጠው ቀጭ አለ። ነገሩ የገባኝ ስብራቱን በማጉያ መነጽር ሳየው ነው። ቃጫዎቹ አልተበጠሱም። እንዳሉ ተመዝዘው ወጥተዋል፤ የወጡበት ቀዳዳም ልሙጥ ነው። ፕላስቲኩ ጭራሽ አልያዛቸውም።

ቃጫ ውሃ ይወዳል፣ ፖሊፕሮፒሊን ውሃ ይሸሻል። እንዲሁ ቢገናኙ አይጣበቁም። አረፋው ደግሞ ከእርጥበት የመጣ ነው። ለእጅ የደረቀ የሚመስል ቃጫ ከአየር የጠጣውን ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ሙቀት ሲያገኝ እንፋሎት ይሆናል።

በሁለተኛው ዙር ቃጫውን 5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ውሃ ለ2 ሰዓት ነከርኩት። (ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫል።) ውሃው ቡናማ ሆነ። ቃጫውን የሸፈነው ሙጫ መሰል ነገር ለቀቀና ገጹ ሻከረ። ፕላስቲኩ ጨብጦ የሚይዘው ይሄን ሻካራ ገጽ ነው። ከዚያ ጥቂት አቼቶ ባለበት ውሃ፣ ቀጥሎም በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። ሶዳ ከቀረበት ቃጫውን ራሱን ይጎዳዋል።

ለማድረቅ ፀሐይን ተውኩ። 80 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አስገብቼ በየሰዓቱ መዘንኩት። ደረቀ ያልኩት ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ነው። ሳላሳድር ቀላቀልኩት፤ ካደረ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ሙቀቱንም ከ190 ዲግሪ አላሳለፍኩም። 200 ገደማ ላይ ቃጫ መጥቆርና መሽተት ይጀምራል።

አሁን ስሰብረው አብዛኛው ቃጫ እዚያው ተበጥሶ ይታያል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የርዝመቱ ነገር ግን ገና ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ፕላስቲኩን ዛይሊን በሚባል ሙቅ ፈሳሽ አሟምቼ ቃጫውን ለካሁት። 5 ሚሊሜትር አድርጌ ከቆረጥኩት ብዙው ከ2 በታች ወርዷል፤ ማሽኑ ሲያዋህደው ሰባብሮታል። በጣም ያጠረ ቃጫ ሸክሙን ሳይሸከም ይመዘዛል። ስለዚህ አሁን የማሽኑን ፍጥነት ቀንሼ እየሞከርኩ ነው።