ካታሊና አውትን በልኩ ማኖር፦ ቶምካት ሰርቨር ላይ የሠራልኝ አካሄድ

ቶምካት (የጃቫ ዌብ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሰርቨር) ሎግ ፎልደር ውስጥ ስማቸው ቀን የያዘ ፋይሎች አሉ፤ እነሱን ቶምካት ራሱ በየቀኑ ይቀይራቸዋል። ካታሊና አውት (catalina.out) የሚባለው ፋይል ግን ከእነሱ ወገን አይደለም። አስነሺው ስክሪፕት ወደ ኮንሶል የሚወጣውን ሁሉ እዚያ ይደፋዋል እንጂ መጠኑን የሚቆጣጠርለት የለም። ሪስታርት ቢደረግም ካቆመበት ይቀጥላል።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት የሚጻፈውን ቀነስኩ። የጃቫው ፕሮግራም በሎግፎርጄ 2 (Log4j 2፣ የጃቫ ሎግ መጻፊያ ላይብረሪ) የራሱን ፋይል ይጽፋል፤ ሎጉን ወደ ኮንሶል የሚልከው ኮንሶል አፔንደሩም ስለሚሠራ እያንዳንዱ መስመር ካታሊና አውት ላይ ይደገማል። አፔንደሩን ከፕሮዳክሽን ኮንፊግ አወጣሁት፤ ከቶምካት ሎጊንግ ፕሮፐርቲስም ኮንሶል ሃንድለሩን ሰረዝኩ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሎግሮቴት (ያደጉ ሎግ ፋይሎችን የሚቆርጥ የሊኑክስ መሣሪያ) ይሄዳል። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን ከዚህ ነው።

የቀረውን ለሎግሮቴት ሰጠሁት፦ ዴይሊ (በየቀኑ ቁረጥ)፣ ማክስሳይዝ 200 ሜጋ (ከዚህ ካለፈ ቀኑን ሳትጠብቅ ቁረጥ)፣ ሮቴት 7 (7 አሮጌ ፋይል አቆይ)፣ ኮምፕረስ (ጨምቅ)፣ ሚሲንግኦኬ (ፋይሉ ከሌለ እንደ ስህተት አትቁጠር)፣ ኮፒትራንኬት (ኮፒ አድርገህ ዋናውን ባዶ አድርግ)። ሎግሮቴት ግን ፋይሉን ተቀምጦ አይጠብቅም። መጠኑን የሚያየው ሲጠራ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሊኑክስ ላይ የሚጠራውም በቀን አንዴ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋባይት ስህተት የሚተፋ ፕሮግራም በሰዓት 3.6 ጊጋባይት፣ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ይጽፋል፤ 200 ሜጋ የሚለው መስመር ብቻውን አያድንም። በክሮን (ትእዛዝን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳ የሊኑክስ አገልግሎት) በየ5 ደቂቃው እንዲጠራ አደረግኩት። በዚያ ፍጥነት እንኳ በሁለት ጥሪ መሃል የሚጨምረው 300 ሜጋባይት ነው። ከዕለታዊው ጥሪ ጋር እንዳይጋጭ ኮንፊጉን ዕለታዊው ጥሪ ከሚያነበው ከሎግሮቴት ዶት ዲ ፎልደር አውጥቼ የራሱን ስቴት ፋይል (መጨረሻ የቆረጠበትን ጊዜ የሚመዘግብበት) ሰጠሁት።

ጥሪው ሲደጋገም ሌላ ነገር ይከተላል። ሮቴት 7 ማለት 7 ፋይል እንጂ 7 ቀን አይደለም። ባልነው ፍጥነት 7ቱ የሚይዙት የ35 ደቂቃ ሎግ ነው፤ የችግሩ መነሻ ሳይታይ ይጠፋል። ወደ 30 አሳደግኩት፤ ሳይጨመቅ ቢቆጠር እንኳ 9 ጊጋባይት ነው። ዴትኤክስት (የተቆረጠው ፋይል ስም ላይ ቀን የሚጨምር መስመር) የበራበት ኮንፊግ ከሆነ ደግሞ የፋይሉ ስም ቀን ብቻ ስለሚይዝ በዚያው ቀን ሁለተኛው ዙር ይዘለላል፤ ዴትኤክስትን ማጥፋት ወይም ስሙ ላይ ሰዓትና ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል።

ኮፒትራንኬትን የመረጥኩት ቶምካት ፋይሉን ከፍቶ ስለሚይዝ ነው። ስሙን ብቻ ብንቀይር መጻፉን በአሮጌው ፋይል ላይ ይቀጥላል። ዋጋ አለው፦ በኮፒውና በባዶ ማድረጉ መሃል የገቡ ጥቂት መስመሮች ይጠፋሉ፤ ኮፒው ሲደረግም የፋይሉን ያህል ነፃ ቦታ ይፈልጋል።

በዚሁ ምክንያት የሚሠራበትን ሎግ በአርኤም (rm፣ ፋይል ማጥፊያ ትእዛዝ) ማጥፋት ቦታ አያስለቅቅም። የፎልደር መጠን የሚቆጥረው ዲዩ (du) ፎልደሩ ባዶ ነው ይላል፣ የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ (df) ዲስኩ ሞልቷል ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ስሙ ተሰርዟል፣ ይዘቱን ግን ፕሮሰሱ ይዞታል፤ የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስኦኤፍ (lsof) ዲሊትድ ብሎ ያሳየዋል። አስቸኳይ ሲሆን ፋይሉን ሳያጠፉ በትራንኬት ትእዛዝ ወደ ዜሮ ማውረድ ነው።

ሎግፎርጄ 2 ላይ የአንዱን ፋይል መጠን 100 ሜጋ፣ ማክስን (የሚቆዩ ፋይሎችን ብዛት) 10 አደረግኩ። የፋይሉ ስም ውስጥ ከቀኑ ጋር ተራ ቁጥሩ፣ ፐርሰንት አይ (%i)፣ ከሌለ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ማክስ የሚቆጥረው ግን የአንዱን ቀን ፋይሎች ብቻ ነው፤ የትናንቱንና የአምናውን አይነካም። ለእነሱ ዲሊት አክሽን ጨምሬ ከ14 ቀን ያለፈው እንዲጠፋ አዘዝኩ።

መጨረሻ ላይ ሎግሮቴትን በዲ ምልክት (-d) አስኬድኩት፤ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል እንጂ ምንም አይነካም። ከሩት (root፣ የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሌላ ግሩፕ ፎልደሩ ላይ መጻፍ ከቻለ አልሠራም የሚለው እዚህ ላይ ይታያል፤ መፍትሔው ኤስዩ (su) የሚለውን መስመር ከቶምካት ዩዘርና ግሩፕ ጋር መጨመር ነው። ከዚያ በኤፍ ምልክት (-f) እንዲቆርጥ አስገድጄ፣ ካታሊና አውት ዜሮ ከሆነ በኋላ አዲስ መስመር እየገባበት መሆኑን በቴይል (tail፣ የፋይልን መጨረሻ የሚያሳይ ትእዛዝ) አየሁ።